አሥራ ሰባት ከሃያ

ጉለሌ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ ለቲቸር የሺሀረግ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ነው። ወንድሜ ፊሊሞንም ሰላም በይልኝ ብሏል። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እርማት ይዞኝ ነው። ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ አርባ ስምንት ተማሪ።

ደብዳቤዎን የደብረ ብርሃን መስመር ሹፌሩ መሳይ ሚኒባሱን ዳር ይዞ በመስኮት አቀበለኝ። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፈው ፍርድ ቤትና እናንተ ብቻ ናችሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ እንዳለ አልነገርኩትም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮዎ ደህና ቢሆንም ደብዳቤው ባይቀርብኝ እወድ ነበር።

ክፍላችን እንዳለች ናት ወይ ላሉኝ፣ አለች። ከመስኮቱ አሁንም የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አሁንም መምህር ማስተማሩን አቁሞ ይጠብቃል። ጥቁር ሰሌዳው ብቻ በነጭ ተቀይሯል። እርስዎ ቆመው ያስተማሩኝ ቦታ ላይ ቆሜ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ፤ አንዳንድ ጠዋት ግን የሰው ቦታ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ከበሩ ፊት ለፊት የነበረው የደብተር ሱቅ የለም። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። አሁን እስክሪብቶ ሲያልቅብኝ ሽሮ ሜዳ ድረስ እወርዳለሁ።

ስለ ልጆቹም ጠይቀውኛል። አንዷን ልንገርዎ። ኡመይማ ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። የተወለደችው ጅዳ ነው፤ እናቷ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጅቷ ውሎዋ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለነበር አፏን የፈታችው በዓረብኛ ነው። ባለፈው ክረምት ተመልሰው አዲሱ ገበያ አካባቢ ቤት ተከራዩ። እናቷ አሁን አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። ኡመይማ አማርኛን ገና እየተማረች ነው፤ እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን በአማርኛ እያስረዳን እናስተምራታለን። «ፔን» በይ ስላት «ቤን» ትላለች። ደብተሯን የምትጀምረው ከኋላ ነው። የሒሳቡ መምህር የፊተኛውን ገጽ ገልጦ ባዶ ሲያገኘው ሁለት ጊዜ ዜሮ ሰጥቷታል፤ ሥራዋ በወዲያኛው በኩል ተሠርቶ ተቀምጧል። እናትሽ ሥራዋ ምንድን ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት «ማይ ማዘር ኩክ» ትለኛለች። «ኢዝ የት ሄደች?» ስላት ያንኑ ትደግመዋለች።

ሰኔ ላይ ትድገም ወይስ ትለፍ ብለን መወሰን አለብን። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው።

ቲቸር፣ ያኔ ዳይሬክተሩ አምስተኛ ክፍልን ድገሚ ሲለኝ እጄን የያዙኝ እርስዎ ነዎት። ዓመቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት አስቀምጠው አስተማሩኝ። ትምህርቱ ያልገባትን ልጅ ቋንቋው ብቻ ካልገባት እንዴት ነው የለዩት? ይንገሩኝ። እጄ ከመፈረሙ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ
ቦንቱ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን አይጣል ነው። እህቴ ሙሉእመቤት ሁለት ጋቢ ደርባብኝ ፀሐይ ላይ አስቀምጣኛለች፤ ይህን የምጽፍልሽ እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ፍረጂልኝ።

የደብተር ሱቋ መፍረስ አሳዘነኝ። የቀይ ቀለም እስክሪብቶዬን ሠላሳ አንድ ዓመት የገዛሁት ከዚያች ሱቅ ነው።

ያኔ ብለሽ ያነሣሽውን ዘመን አስታውሳለሁ። እንዴት ይረሳል? የመጣሽበት ሳምንት ነው። አባትሽ ከጫንጮ ወደ ጉለሌ ገብቶ ወተት ማከፋፈል የጀመረ ጊዜ። እዚያ የተማርሽው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነበርና የእንግሊዝኛው ፊደል ላንቺ እንግዳ አልነበረም። አንብቢ ስልሽ ደፍረሽ ተነሣሽ። መጽሐፉ ላይ ድመት ተሥላለች፤ ሥሯ የተጻፈውን «ካት» የሚለውን አንቺ «ጫት» ብለሽ አነበብሽ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። በቁቤ ያ ፊደል «ጭ» ተብሎ እንደሚነበብ፣ ያነበብሽውም በተማርሽው ልክ እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ከዚያ በኋላ እስከ ገና እጅሽን አላወጣሽም።

«ሀውስ ቢግ»ሽንም አልረሳሁም። በኦሮምኛ ቤቱ ይቀድማል፣ ትልቅነቱ ይከተላል። «ቢግ ሀውስ» ማለት የጀመርሽው እኔ ስላስተማርኩሽ እንዳይመስልሽ። ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ስትጫወቺ «ትልቅ ቤት» ማለት ለመድሽ፤ ከዚያ እንግሊዝኛው ራሱ ተገለበጠ። አማርኛው መንገድ ጠረገልሽ። እኔ ቆሜ አየሁ እንጂ ምንም አላደረግኩም።

ስለዚህ የኡመይማን «ኢዝ» ከመፈለግሽ በፊት እናቷን ጠይቂ። «እናቴ ወጥ ሠሪ ናት» ለማለት በዓረብኛ «ናት» አለ ወይ? እኔ ዓረብኛ አላውቅም። ግን ልጅ የሌላትን ነገር ጣልሽ ተብላ መቀጣት የለባትም።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ዛሬ አልመልስም። እጄም ደክሟል፣ ፀሐይዋም ሸሽታለች። ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚጻፍ አይደለም።

መምህርሽ
የሺሀረግ

ጉለሌ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ መምህርቴ፣

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረስዎ። ጾሙ አልጎዳዎትም? «እኔም ሳቅሁ» ያሉትን እንደ ይቅርታ ተቀብያለሁ። እኔ ራሴ «ጫት»ን ለተማሪዎቼ እየነገርኩ ስንት ጊዜ አስቄበታለሁ። ከሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ሳነበው ግን፣ እ... ምን ልበልዎ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እናቷን ጠየቅኳት። ወይዘሮዋ ትንሽ አሰበችና «ኧረ የለም! እናቴ ወጥ ሠሪ ብለሽ ታቆሚያለሽ በቃ» አለችኝ። እርስዎ ልክ ነበሩ። የሌላትን ነበር አምጪ የምላት።

አሁን የምሥራቹን ልንገርዎ። ባለፈው ማክሰኞ ኡመይማ ተነሥታ ምን አለች? «ማይ ማዘር ኩክ ኢዝ!» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ጠመኔ የያዝኩ ብሆን ከእጄ ይወድቅ ነበር። «ኢዝ» መጣች! የመጣችው ደግሞ ከአማርኛ ነው። «እናቴ ወጥ ሠሪ ናት» ማለትን ስለለመደች «ናት»ን አምጥታ መጨረሻ ላይ ሰካቻት። ቦታዋን ስታለች እንጂ መኖሯን አውቃለች። ለምክትል ዳይሬክተሩ ሮጬ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያም ስህተት፣ ይህም ስህተት» አሉኝ። «አይደለም፣ ይኼኛው ስህተት ወደፊት የሄደ ስህተት ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

አንድ ነገር ግን ሰሞኑን ከነከነኝ። እሑድ ከአባቴ ጋር ስናወራ በኦሮምኛ «ትልቅ ቤት» ልል «ጉዳ መነ» አልኩት፤ ትልቁን አስቀድሜ፣ ልክ እንደ አማርኛው። አባቴ ሳቀና «አንቺ ልጅ፣ ቋንቋሽን ገልብጠሽ መልበስ ጀመርሽ» አለኝ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መንገድ ሲጠርግልኝ ወደ ኋላም ሄዶ የልጅነቴን ነካክቷል። ጫንጮ ሜዳ ላይ እየሮጠች ታወራ የነበረችውን ልጅ ድምፅ አንዳንዴ በጆሮዬ እፈልገዋለሁ፤ አላገኘውም።

ስለ ኡመይማ ስብሰባው ሰኔ 16 ነው። አብዛኞቹ መምህራን ትድገም ባይ ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ላይ የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። «ዳይሬክተሩ ሲጥለኝ ያነሣችኝ አንዲት መምህርት ነበረች» ብዬ። ከዚያ ምን እንደተወሰነ ልንገርዎ? ሰኔ 28 በሚደረገው የወላጆች በዓል ላይ የቀድሞ መምህራን ይሸለማሉ፤ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ። መሳይ ራሱ ያመጣዎታል። እምቢ እንዳይሉኝ።

ያልመለሱልኝን ጥያቄ አሁንም እጠብቃለሁ።

ቦንቱ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሙሉእመቤት «ለማን ነው እንዲህ የምትጨነቂው?» ብትለኝ «ለተማሪዬ» አልኳት። «ተማሪሽ ከሆነች እሷ ትጨነቅ እንጂ» አለችኝ።

ሽልማቱን አልቀበልም። ለምን ላልሽኝ ይኸው። ጥያቄሽም መልስ የሚያገኘው እዚሁ ውስጥ ነው።

ዳይሬክተሩ አልጣለሽም። የጣልኩሽ እኔ ነኝ።

የ1998 የማጠቃለያ ፈተና ላይ ሃያ ቃላት አውጥቼ ነበር። ትእዛዙ «የሚከተሉትን ቃላት ትርጉም ጻፉ» ይላል። ሁሉም በአማርኛ ጻፉ። አንቺ የጻፍሽው በኦሮምኛ ነው፣ በቁቤ። እኔ ማንበብ አልቻልኩም። አልቻልኩም ብዬ ሰው እንደመጠየቅ ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀይ መስመር ሰረዝኩና ዜሮ ሰጠሁሽ። ከመቶው ያገኘሽው ሠላሳ አራት ሆነ። በእንግሊዝኛ ወደቅሽ፤ በአማርኛም ወድቀሽ ነበርና ሁለቱ ሲደመሩ የሚያስደግም ሆነ። ለአባትሽ እንዲነግሩልኝ ዳይሬክተሩን የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ፊቱን ማየት ፈርቼ።

ሐምሌ ላይ ወረቀት ስናቃጥል የስፖርት መምህሩ ዳኜ አጠገቤ ነበር። ፍቼ አስተምሮ ስለነበር ኦሮምኛ ያነባል። ያንቺን ወረቀት አንሥቶ ቆሞ አነበበው። «የሺሀረግ፣ ይህቺን ልጅ ለምን ዜሮ ሰጠሻት? አሥራ ስምንቱ እኮ ትክክል ነው» አለኝ። እኔም «በአማርኛ ነው ያልኩት» አልኩት። ትእዛዙን መልሶ አነበበው። «በአማርኛ የሚል የለም» አለኝ።

ቦንቱ፣ ያኔ ገና ጊዜ ነበረ። ማርክ መመዝገቢያው ተዘግቷል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ ግን ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ተሳስቻለሁ ብል ይከፈት ነበር። አልገባሁም። «የገጠር ልጅ ናት፣ አንድ ዓመት ብትደግም ምን ትሆናለች? እንዲያውም አማርኛዋን ታጠናክራለች» አልኩ ለራሴ። ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ልክ በዚህ ቃል። የፈራሁት ግን ለስሜ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት የሺሀረግ ተሳሳተች ተብሎ አያውቅም።

በዓመቱ መስከረም አንገትሽን ደፍተሽ ስትገቢ ሳይሽ ምሳዬን ይዤ አጠገብሽ ተቀመጥኩ። እነዚያ የምሳ ሰዓቶች ደግነት አልነበሩም። ዕዳም አልላቸውም። ብቻዬን የማውቀው ኃጢአት ነበረብኝ። አንቺ ግን ጎበዝ ሆነሽ ተገኘሽ፤ እኔም ሳስተምርሽ ወደድኩሽ፤ ከወደድኩሽ በኋላ ደግሞ መንገር ይበልጥ ከበደኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኜ ቆየሁ።

ትምህርቱ ያልገባትን ልጅ ቋንቋው ብቻ ካልገባት እንዴት ለዩ ብለሽኛል። አልለየሁም፣ ልጄ። መልሴ ይኸው ነው።

ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ።

የሺሀረግ

ጉለሌ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቲቸር የሺሀረግ፣

ሁለት ወር ከምናምን ዝም ማለቴን ያውቃሉ። መሳይ በየሳምንቱ «መልስ የለም?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እለው ነበር። ሥራ አልበዛብኝም። እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻልኩም ነበር፤ ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ተናድጄ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም፤ ሳይበርድልኝ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ያ ዓመት ለእርስዎ የምሳ ሰዓት ነው። ለእኔ ምን እንደነበረ ልንገርዎ። ፊሊሞን በአንድ ዓመት ያንሰኛል። በልጅነቱ አማርኛ ቶሎ ገባው፤ ስደግም ደረሰብኝና አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ «ታላቅህ ናት ወይስ ታናሽህ?» ይሉት ነበር። ቤት ስንደርስ አባቴ ወተቱን የሚያሸክመው እኔን ሆነ። «እሱ ያጥና፣ አንቺ ለምደሽዋል» ይለኝ ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም። እንደማልችል አምኖ ነው። እኔም አመንኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ ማርክ ሲለጠፍ የመጨረሻ ሄጄ ነበር የማየው።

ሽልማቱን በተመለከተ፣ ስምዎን አስወጣሁ። ለምን ሲሉኝ «አሟቸዋል» አልኩ። እኔም ዋሸሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የኡመይማስ ምን ሆነ ማለትዎ አይቀርም። ስብሰባው የእርስዎ ደብዳቤ ከደረሰኝ ከሳምንታት በኋላ ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አላሳየሁም። ግን ተነሥቼ «ጥያቄው ሳይገባት የወደቀችበትን አልፈርምም» አልኩ። ምክትል ዳይሬክተሩ «ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉኝ። «ጥያቄው በሚገባት ቋንቋ ይነበብላት፣ እርስዎም ቁጭ ብለው ይስሙ» አልኳቸው። አዲሱ ገበያ ሱቅ ያለው ኑሕ የሚባል ሰው ብዙ ዓመት ሳዑዲ ኖሯል። ሱቁን ለግማሽ ቀን ዘግቶ መጣልን። የሒሳቡንና የሳይንሱን ጥያቄ በዓረብኛ አነበበላት፤ እሷ እየሠራች መለሰች። ሒሳብ ከሃምሳ አርባ አንድ። የሒሳቡ መምህር ደብተሯን ተቀበለና ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ገለጠው።

እንግሊዝኛን በራሷ አለፈች፣ ለጥቂት። አማርኛ ወደቀች። በአንድ ትምህርት አይደገምምና ወደ ስድስተኛ አልፋለች። ካርድ የሰጠሁ ዕለት ከአንዲት ልጅ ጋር በር ላይ ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። ልጅቷ እናትሽ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ናት ብላት ኖሮ፣ በንዴት «ኖ! ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ኩክ!» አለቻት። እኔ መስማቴን አላየችም። ቢሮ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ማታ ወረቀቱን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩና የጻፉልኝን ነገርኩት። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ፊሊሞን ቃል በቃል አነበበለት፣ እንግሊዝኛውንም የእኔንም ኦሮምኛ። አባቴ በየቃሉ «ልክ ነው?» ይላል። «ልክ ነው» ይላል ፊሊሞን። ሲጨርስ አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ በእጁ ያዘው። ከዚያ በኦሮምኛ «ልጄን አትችልም ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አንድ ቀን ነው የተሳሳቱት፣ እኔ ግን በየጠዋቱ ነበር ያሸከምኩሽ። መጀመሪያ እኔን ይቅር በይኝ» አለኝ። ፊሊሞን ተነሥቶ ወጣ። አባቴ ሲያለቅስ አይተን አናውቅም።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። ገና ነው፤ እየመጣ ነው ግን። የምሳ ሰዓቶቹን «ደግነት አልነበሩም» ያሉትን አልቀበልም። ከምሳ ዕቃዎ ግማሹን ያካፈሉኝ እኔን ነው፤ የነበረውን የማውቀውም እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አረምኩት። መምህርት ነኝና እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው ያረምኩት። ጋሽ ዳኜ አንድ ለቀውልኛል። «ለርን» ለሚለው «በረቹ» ማለት ሲገባኝ «በርሲሱ» ብያለሁ፤ ያ መማር ሳይሆን ማስተማር ነው። አሥራ ሰባት ከሃያ። ከሠላሳ አራቱ ጋር ሃምሳ አንድ። አልፌ ነበር።

መልሼ ልኬልዎታለሁ። «የመምህር ፊርማ» የሚለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።

ቦንቱ

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ቦንቱ፣

እንኳን አደረሰሽ።

ፈርሜያለሁ። ቀኑን የዛሬውን ጻፍኩበት። የ1998ን ብጽፍ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ከፊርማው በላይ «አልፋለች» የሚለውን በቀይ ሳይሆን በሰማያዊ ነው የጻፍኩት፤ ቀዩን እስክሪብቶ ለሙሉእመቤት የልጅ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ አበባ ይሥልበታል።

በ«ለርን» ጉዳይ ልክ ነሽ። እኔም ብሆን አሥራ ሰባት ነበር የምሰጥሽ።

መሳይ ቅዳሜ ከፊት ባዶ መቀመጫ ይዤልዎት እመጣለሁ ብሎኛል። ጉልበቴ ከቻለ አባትሽ ቤት ድረስ እመጣለሁ፤ ያኔ ዳይሬክተር ልኬበታለሁ፣ አሁን ራሴ ልንገረው። አማርኛውን እንደሚሰማ አውቃለሁ። በአማርኛ ግን ልለው አልፈልግም። በኦሮምኛ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እንዴት እንደሚባል በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ በመሳይ ላኪልኝ። በግዕዝ ፊደል እንዳትጽፊልኝ፣ በቁቤ ጻፊው። አራት ቀን አለኝ፤ አጠናለሁ።

የሺሀረግ